ማታ በብስክሌት ስሄድ ባጃጆች አያዩኝም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሥራ የምወጣው ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ቤቴ አባይ ማዶ። አዲሱ ድልድይ ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለ ችግር የለም። ጉዱ ከድልድዩ ከወጣሁ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ የመሪዬን ጫፍ ገጭቶ አለፈ። ሾፌሩ ቆመና «በማርያም፣ ጭራሽ አላየሁህም» አለኝ። ጥቁር ጃኬት ለብሼ ነበር። ብስክሌቴ መብራት የለውም፤ የስልኬን መብራት በግራ እጄ ይዤ ነው የምነዳው። ብዙ ብር የለኝም። ከምን ልጀምር?

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ ስልኩን ኪስህ ክተት። በአንድ እጅ እየነዱ ጉድጓድ አይታለፍም። የገጨህ ከኋላ ስለሆነ ቀይ የኋላ መብራት ግዛ፤ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ አለ። ኮርቻው ሥር እሰረው፣ ጃኬትህ እንዳይሸፍነው። ሪፍሌክተር (የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቀው) ካለህም ጥረገው፤ ጭቃ የለበሰ ሪፍሌክተር እንደሌለ ነው። ዲናሞ (ጎማው ሲዞር መብራት የሚያበራው) ካለህ አትጣለው፤ ግን ስትቆም አብሮህ እንደሚጠፋ አትርሳ።

የሐዋሳዋ፦ እኔ የጭነት መኪና ኋላ ላይ የሚለጠፈውን የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ቆራርጬ ፔዳሌ ላይ ለጠፍኩት። ፔዳሉ ላይና ታች ሲል ብርሃኑም አብሮ ይዘላል። ሾፌሩ ከሩቁ ብስክሌት መሆኑን ያውቃል። ሌላ ከሌለህ ነጠላም ቢሆን ከጥቁር ጃኬት ይሻላል፤ ጫፉን ግን አስገባው። የእናቴን ነጠላ ሰንሰለት በልቶብኛል፣ እስካሁን አልነገርኳትም።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔ ከገጪዎቹ ወገን ነኝ፣ ይቅርታ። እውነቱን ልንገርህ። ከፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራት ሲለቅብን መስታወቱ ነጭ ይሆናል። ዝናብ ከጨመረበትማ አለቀ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 11 ሜትር እንሄዳለን፤ ጥቁር የለበሰውን «ምንድን ነው ይሄ?» እያልኩ ሳስብ ደርሼበታለሁ። ሌላው፣ ተሳፋሪ ስናይ ድንገት ወደ ቀኝ እንገባለን። ዳር ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ካየህ ፊትህ ያለው ባጃጅ ይቆማል ብለህ ተዘጋጅ። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡትን ብስክሌተኞች ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ቀዩን መብራት ገዛሁ። ብልጭ ድርግም ይበል ወይስ ዝም ብሎ ይብራ?

ጠጋኙ፦ ጨለማ ላይ ዝም ብሎ ይብራ። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይን ይስባል፤ ግን ምን ያህል እንደራቅህ ለመገመት ያስቸግራል። የፊቱን ስትገዛ ወደ አስፋልቱ ዝቅ አድርገው፣ ሰው ዓይን ላይ አትልቀቀው። ደግሞ ስታቆም ፈትተህ ይዘኸው ግባ፤ ስትመለስ ላታገኘው ትችላለህ።