«ስቴንቶሪያን» ሙገሳ ነው ወቀሳ?

እናት ከቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት በመጣው ወረቀት ላይ አስተማሪዋ ስለ ንባቧ ሲጽፉ ድምጿን «ስቴንቶሪያን» ብለውታል። ስልኬ «በጣም ከፍተኛ ድምፅ» ብሎ ተረጎመልኝ። ልጄ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባትም። ከቤዝመንት ስትጣራ ጎረቤት ይሰማል። ሳህን እያጠብኩ «ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ምን ይላል!» ስላት ነው የማመሸው። ትረብሻለች ማለታቸው ይሆን? አባቷ «ላውድ ማለት ነው በቃ» አለኝ። ላውድ ለማለት ቢፈልጉማ ላውድ ይሉ ነበር። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ሐሙስ አስተማሪዋን አገኛቸዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር፦
እህቴ፣ ተረጋጊ። ስለ ንባብ ከተጻፈ ሙገሳ ነው።

ቃሉ የወጣው ከሰው ስም ነው። ስቴንቶር ይባላል፤ በትሮይ ጦርነት ታሪክ ውስጥ የግሪኮች አዋጅ ነጋሪ ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኢሊያድ በተባለው ግጥሙ ስሙን የሚያነሳው አንዴ ብቻ ነው። ድምፁ የ50 ሰው ያህል ነበር ይላል። ሄራ የምትባለው አምላካቸው የሚያፈገፍገውን ጦር ልታበረታ ስትፈልግ የእሱን መልክ ይዛ ነው የጮኸችው።

እኔ ይህን ቃል ሳስተምር ወሎ ውስጥ ያደግኩበት ገበያ ነበር ትዝ የሚለኝ። አዋጅ ነጋሪው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ጋቢውን ከአፉ ዝቅ ያደርጋል። አንዴ በረጅሙ ይተነፍሳል። «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል እህል የምትሰፍረው ሴት እጇ ቁናው ላይ ይቀራል። ሰውዬው አልተቆጣም፣ አልተንጫጫም። ድምፁ ግን ከገበያው ጫፍ ይደርሳል። ስቴንቶሪያን ይኸው ነው።

ቃሉ ለሰው ድምፅ ነው። ለጄኔሬተርና ለክላክስ «ዲፈኒንግ» ይባላል፤ ጆሮ የሚያደነቁር። «ስትራይደንት» ብለዋት ቢሆን እኔም እሰጋልሽ ነበር፤ እሱ ሰቅጣጭ ነው። እርግጥ በጠባብ ክፍል ያለ ቦታው የሚያስተጋባ ሰውንም ስቴንቶሪያን ይሉታል። የልጅሽ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ስታነቢው «ቶ» ላይ ጫን በይ፦ ስቴን-ቶ-ሪያን። በአማርኛ «አስገምጋሚ» እለዋለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሁለት ዓመት ወያላ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን «ፒያሳ ፒያሳ!» ስል በጉሮሮዬ ነበር የምጮኸው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ድምፄ ይዘጋል። አንድ የቆየ ረዳት ሆዴን በእጁ ነካ አድርጎ «ከዚህ አውጣው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታም አልተዘጋሁ። እርስዎ ያሉት ልዩነት ይኸው መሰለኝ።

«አስገምጋሚ» ላይ ግን አልስማማም። አስገምጋሚ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ። ለአስር ዓመት ልጅ እንዴት ይሆናል? «ድምፀ መረዋ» አይሻልም?

ጡረተኛ መምህር፦
ልክ ነህ ልጄ፣ አስገምጋሚ ለሕፃን ይከብዳል። መረዋ ግን ውበቱን እንጂ ግዝፈቱን አይነግርም። ቀስ ብላ የምታንጎራጉርም ድምፀ መረዋ ልትሆን ትችላለች። መጽሐፍ ቅዱሳችን «በታላቅ ድምፅ» ይላል። ጌታ አልዓዛርን ከመቃብር ሲጠራው እንዲያ ነው የተጻፈው። ክብርም ጉልበትም አለበት፣ ሴት ወንድ፣ ልጅ አዋቂ አይልም። «ታላቅ ድምፅ አላት» ብንልስ?

እናት ከቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተም ወንድሜ፣ ተባረክ። ዛሬ ሄጄ አስተማሪዋን አገኘኋቸው። ለካ በትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ወላጆች የሌሉበት የቴአትር ልምምድ ነበራቸው። ልጄ ተራኪ ነበረች። መሀል ላይ ማይኩ ጠፋ። ሌሎቹ ልጆች ዞር ዞር ሲሉ እሷ ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። አስተማሪዋ ከኋላ በሩ ጋ ቆመው ነበር፤ «እያንዳንዱ ቃል ደረሰኝ» አሉኝ።

ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም። መኪና ውስጥ ስጠይቃት «ጮኽሽ እንዳትዪኝ ብዬ ነው» አለችኝ። መሪውን ይዤ ዝም አልኩ።

ማታ ሳህን እያጠብኩ ከቤዝመንት «እማዬ!» ብላ ተጣራች። ቤቱ ተናወጠ።

«አቤት!» አልኳት፤ እኔም ከሆዴ።