የኖርዌይን ብርድ የቻለ መኪና የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል?

ጠያቂ፦ ነጋዴው፣ ደብረ ብርሃን
በሳምንት ሁለት ጊዜ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ጭኜ እመለሳለሁ። ባለፈው ወር ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሁለት ሌሊት አድሬ ሽንኩርቱ ጆንያው ውስጥ ታፍኖ ተበላሸብኝ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ልገዛ ቆርጫለሁ። ልጄ ግን «ብርዱ ባትሪውን ይገድለዋል» እያለ ይከራከረኛል። ከእኛ የባሰ የሚበርዳቸው ኖርዌዮች ታዲያ እንዴት ቻሉት?

መልስ፦ የጠባሴው ልጅ፣ ኦስሎ
ጋሼ፣ እዚህ ታክሲ ስነዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪኖች 9 ያህሉ በባትሪ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም፤ የመመዝገቢያውን ቀረጥ በ1990፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን በ2001 አነሡላቸው። መብራታቸውም እንደ እኛው ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው።
ብርዱ ባትሪውን አይገድልም፤ የሚሄደውን ርቀት ግን ይቀንሳል። እኔ በጥር ቁር አንድ አምስተኛውን አጣለሁ። ማታ ቤት ሰክቼ አድራለሁ፤ ጠዋት ገመዱን ሳልነቅል መኪናውን አሞቃለሁ። የኅዳሩ የደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

መልስ፦ ደብረ ሲና
ብርዱን ይተዉት ጋሼ፤ ዳገቱን ያስቡ። እርስዎ ባዶ ወርደው ተጭነው ነው የሚወጡት! ስለዚህ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ለባትሪው የሚመልሰው ዳገቱ ከሚበላው በእጅጉ ያንሳል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ነው። መኪናውና ጭነቱ 2,500 ኪሎ ቢመዝኑ ለከፍታው ብቻ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት የባትሪ ኃይል ይሄዳል፤ መንገዱ ራሱ የሚፈጀው ሌላ ነው።
የእኔ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው ብቻ ይዤ ከሸዋ ሮቢት በ64 በመቶ ተነሥቼ የጣርማ በር ዋሻ አፍ ስደርስ 30 ቀርቶኝ ነበር። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት፣ ያ ቁጥር ሲወርድ እያየሁ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የወጣሁት። ሽንኩርቱ ሲጫን እዚያው ታች ሰክተው ይቆዩ እንጂ በተረፈው ባትሪ ዳገቱን እንዳይጀምሩ፣ አደራ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ። ዳገቱን አላሰብኩትም ነበር። ሽንኩርት የምገዛው ገበሬ ማሳውን በሞተር ስለሚያጠጣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ከቤት መብራት የበለጠ ኃይል የሚሰጥ መስመር አለው። ቆጣሪውን እየከፈልኩ ልሰካ ይፈቅድልኝ እንደሆነ ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ።