የመስከረም ዝናብ፣ የጥምቀት ውርጭ፣ የፋሲካ ሙቀት፦ ከልጆች ጋር ድንኳን ውስጥ ለማደር ምክር እፈልጋለሁ

የሰሚት እናት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት የመስቀል ሰሞን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወንጪ ሐይቅ ሄደን ድንኳን ውስጥ አደርን። ማደር ከተባለ። ልጆቹ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍራሹ ውሃ ጠጣ። ድንኳኑን የሸጠልን ሰው «ይሄ ዝናብ አያውቀውም» ብሎን ነበር። ድንኳኑ ዝናብ አይቶ አያውቅም ማለቱ ነበር መሰለኝ። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስተኝተን እኛ ተቀምጠን ነጋልን።

የሚገርመው ጠዋት ልጆቹ «መቼ ነው ደግመን የምንመጣው?» አሉ።

ዘንድሮ ሦስት ጊዜ መውጣት አስበናል። አንዴ በመስቀል፣ አንዴ በገና ወይም በጥምቀት፣ አንዴ በፋሲካ። የት ብንሄድ ይሻላል? ምን እንያዝ? አዲስ ድንኳን እንግዛ ወይስ ያለው ይበቃል? በጀታችን ጠባብ ነው። እናቴ ደግሞ «ልጆቹን ብርድ ልታስመቺ ነው» እያለች ሰላም ነስታኛለች።

ጡረተኛው ቀያሽ

ልጄ፣ እኔ መንገድ ስቀይስ ዕድሜዬን ድንኳን ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ድንኳኑን ከመጣልሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የተከላችሁት ሐይቁ አጠገብ፣ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሣር ላይ አልነበረም? ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚተክለው። ሣሩ እንደዚያ አረንጓዴ የሆነው ግን ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ ነው።

ትንሽ ተዳፋት ምረጪ። ራስጌው ወደ ላይ፣ በሩ ነፋሱ ወደማይመጣበት ይሁን። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ዋልካ ሲረጥብ ካስማ አይይዝም፣ መኪናም አይለቅም። ጠዋት ጎረቤት ገበሬ በበሬ ሲጎትታችሁ ታያለሽ። እኔ ሁለቴ ተጎትቻለሁ።

ሌላው ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ነው። ብዙ ሰው ሰፋ አድርጎ ያነጥፈውና ጠርዙ ወደ ውጪ ይተርፋል። የተረፈው ላስቲክ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ፍራሽሽ ያስገባዋል። ከድንኳኑ ወለል ጠበብ ማለት አለበት። የተረፈውን ወደ ውስጥ እጠፊው። በእኛ ጊዜ ዙሪያውን ቦይ እንቆፍር ነበር። አሁን ጥብቅ ደንና ፓርክ ውስጥ መቆፈር ነውር ነው፣ ስለዚህ የቦታ ምርጫው ላይ በርቺ።

ከላይ ደግሞ አንድ ሸራ በገመድ ወጥሪ። አንዱ ጎን ዝቅ ይበል፣ ውሃው እንዲወርድ። ድንኳኑን አይንካው። ርካሽ ድንኳን ከላዩ ሸራ ካለው ከውዱ አያንስም። ገመዱን የምታስሪበትን ዛፍ ግን ቀና ብለሽ እዪ። የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሥር አይታደርም።

ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉትና በውሃ ጎማ ሩብ ሰዓት አርከፍክፉበት። ጉዱ ቤታችሁ ይውጣ።

ተራራ ወዳጁ

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር። እህቴ፣ የገባው ውሃ ሁሉ ዝናብ ላይሆን ይችላል። አራት ሰው ዝግ ድንኳን ውስጥ ሲተነፍስ ትንፋሹ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጤዛ ይሆንና ይንጠባጠባል። ሰው ብርድ ፈርቶ ሁሉንም ዚፕ ይዘጋል። ከዚያ «አፈሰሰ» ይላል። ዝናብ ቢሆንም የላይኛው መተንፈሻ ክፍት ይሁን። ልጆቹም ልብስና ቦርሳ ግድግዳው ላይ አያስደግፉ።

ብር ካላችሁ ድንኳን ላይ ሳይሆን ከሥራችሁ የሚነጠፈው ላይ አውጡት። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። አንድ ብርድ ልብስ ከላይ ከደረብሽ ሁለት ከታች አንጥፊ። አጎዛ ካላችሁ ከምንም በላይ እሱ ነው። ወፍራም ካርቶንም ይሠራል፣ አትናቂው።

ጋቢ ግን ለመስከረም ማታ ብቻውን አይበቃም። ጥጥ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ ባና የሱፍ ስለሆነ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። አያቶቻችን ያለ ነገር በርኖስ አልለበሱም።

የባሌ መንገድ

ሾፌር ነኝ፣ ሮቤ መስመር ብዙ ሠርቻለሁ። የቦታ ጥያቄውን ለእኔ ተዉልኝ።

መስቀልን ከአዲስ አበባ አትራቂ። ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። መናገሻ ሱባ ደን ቅርብ ነው፣ በሰበታ በኩል ትገቢያለሽ። የጽድ ዛፉ ያስደምማል፤ ዘሩን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ጉሬዛም ታያላችሁ። ዝናቡ ከጠና በአንድ ሰዓት ተኩል ቤታችሁ ናችሁ። ማደሪያ ፈቃዱን ቀድመሽ ከደኑ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። መግቢያው መንገድ ሲጨቀይ ዝቅ ያለች መኪና ታስቸግራለች።

ጥምቀትን ባሌ። ድንሾ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት፣ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ። ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ኒያላውና ከርከሮው ድንኳንሽ አጠገብ ይግጣሉ። ከዚያ በቀን ወደ ሳነቴ ከፍተኛ ሜዳ ውጡ። ቀይ ቀበሮ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ እስከ ጫፉ መኪና ይወጣል። ሳነቴ ላይ ግን ከልጆች ጋር አትደሩ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ነው። ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ፣ ሪራ አካባቢ ብትወርዱ አየሩ ለስለስ ይላል፣ ማርም ይገኛል።

ፋሲካን ባሌ እንዳትሞክሪ። ሚያዝያ እዚያ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዝናብ የሰኔና የሐምሌ ብቻ ይመስለዋል። ባሌ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት እየቆየ ይዘንባል። ለፋሲካ ላንጋኖ ይበቃል፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የትም ሂዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ አጣሩ። በማግስቱም ደግማችሁ ደውሉ።

የሰሚት እናት

እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ አዎ፣ ሐይቁ አጠገብ ለጥ ያለ ሣር ላይ ነበር። ባለቤቴ ሲያነበው ዝም አለ። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ስለ ድንሾ። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው የባለቤቴ ወንድም «ከሰል በደንብ ካቀጣጠላችሁ በኋላ ጭሱ ሲያልቅ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገቡት» ብሎናል። ይሆናል?

ነርሷ

አይሆንም! ለአምስት ደቂቃም፣ በሩ ክፍት ሆኖም አይሆንም።

ገዳዩ ጭሱ አይደለም። የጋመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል። በየክረምቱ በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ወሬ እንሰማ የለም? ድንኳን ደግሞ ከክፍል የጠበበ ነው። የቡታ ጋዝ ምድጃም፣ ትንሿ ሲሊንደርም ያው ናቸው። ምግብ ውጪ ይበሰል።

ተራራ ላይ ሌላም ችግር አለው። የከሰል መመረዝ ምልክት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። የከፍታ ሕመምም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። «ከፍታው ነው» ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ስለ ከፍታው፣ ድንሾ የመጀመሪያ ቀን ልጆቹን አታሩጧቸው። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ሳነቴ ላይ አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ መድኃኒቱ ወደታች መውረድ ነው። «ትንሽ እንየውና» አይባልም። ሕፃን ልጅ ደግሞ ራሴን አመመኝ አይልም፣ ይነጫነጫል እንጂ።

ላንጋኖ ችግሩ የወባ ትንኝ ነው። ከማምሻው ጀምሮ የድንኳኑ መረብ ይዘጋ፣ ልጆቹ እጅጌ ረጅም ይልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም በወርም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ቆላ ነበርን» በሉ። ይቺን አንድ ቃል ሰው ይረሳታል።

ተራራ ወዳጁ

ከሰሉን ተዉትና ይሄን ሞክሩ። ውሃ አፍልተሽ ጥብቅ ክዳን ያለው የብረት ኮዳ ውስጥ ጨምሪ። ካልሲ አልብሰሽ እግራቸው ሥር አድርጊው። እስኪነጋ ለብ ይላል። በሃይላንድ እንዳትሞክሪው፣ ተኮማትሮ ፍራሽ ላይ ነው የሚፈስሰው።

ሒሳቡን ልንገርሽ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ድንሾ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የጥር ሌሊቱ ከአዲስ አበባው ሌሊት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል። በረንዳ ላይ በጥር ያድር የነበረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀን የለበሱትን ሁሉ ይቀይሩ፣ ካልሲውንም ጭምር። ቀን ያላበው ልብስ ሌሊት በረዶ ነው። ስልካችሁን ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፤ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ሽሮ በድንኳን

ስለ ምግብ ማንም አላወራም? እኔ ላውራ።

ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ምግቡ ግን አይበስልም። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ምስርና ባቄላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጋዛችሁ ያልቃል፣ ምስሩ ግን ጥርስ ይሰብራል። አንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥሬ ክክ ስንጠብቅ አምሽተን ቆሎ በልተን የተኛን ሰዎች ነን። ሽሮ ግን እግዜር ለተራራ የፈጠረው ነው።

እኔ የምይዘው ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቤት የተሠራ ቁሌት በማሰሮ፣ ትንሽ ቅቤ። አሥር ደቂቃ ውስጥ የቋንጣ ፍርፍር። እንጀራ ከሦስት ቀን በኋላ ይሻግታል፣ ድርቆሽ ግን ለወር አይበገርም። ለልጆቹ ጠዋት በሶ በማር፣ መንገድ ላይ ዳቦ ቆሎና ጭኮ። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ አጠገብ ከዋለ የጾም ነገር ለብቻ ቋጥሩ።

የተረፈ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር! መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጅብ ሽታውን ከሩቅ ነው የሚያነሳው፣ ጦጣ ደግሞ ዚፕ መክፈት ተምራለች። ፌስታላችሁን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ክረምት ወዳድ

ሁላችሁም ክረምትን እንደ ጠላት አወራችሁ። እኔ ሐምሌ ውስጥ ሱባ አድሬያለሁ፣ ከሄድኩባቸው ሁሉ የምወደው ያኔ ነው። ጫካው ውስጥ ሰው የለም። ጭጋጉ ጽዱ ላይ ይንጠለጠላል። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ቡና ጠጣሁ። ቦቲ ጫማ፣ ሁለት ሸራ፣ በላስቲክ የታሰረ አንድ ቅያሪ ልብስ። ይኸው ነው። ቅያሪውን ለመኝታ ብቻ ነው የምለብሰው፣ ቀን ምንም ቢመጣ አልነካውም።

ለፋሲካ ደግሞ ላንጋኖ ከሚጨናነቅ አዋሽ ፓርክ ለምን አይሆንም? ወንዙ ዳር ማደር ግሩም ነው።

ጡረተኛው ቀያሽ

አዋሽን አልነቅፍም፣ ግን ሚያዝያ ከልጆች ጋር ሙቀቱ ይከብዳል። ወንዝ ዳር ደግሞ አዞ አለ። ልጅ ለብቻው ውሃ ሊቀዳ አይወርድም።

ከሁሉ በላይ የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ያታልላል። ሰማዩ ከላያችሁ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲቆጠር ደጋው ላይ ይዘንብና ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። አንዴ ቆላ ስንሠራ ማታ የተከልነውን የዕቃ ድንኳን ጠዋት አጣነው። ካስማው እንኳ አልተገኘም። እኛ ያደርነው ከፍ ያለው ዳገት ላይ ስለነበር ነው ይሄን የማወራው። የበልግ ዝናብ ያለበት ወር ስለሆነ ላንጋኖም ብትሄዱ ይሄ ይሠራል።

መብረቅ ከጀመረ ደግሞ ከብቸኛ ዛፍ ሥር ራቁ፣ መኪናችሁ ውስጥ ግቡ። ያን ሌሊት ወንጪ ላይ ልጆቹን መኪና ውስጥ ማስገባትሽ ትክክል ነበር።

የሰሚት እናት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ተክለን በውሃ ጎማ ሞከርነው። ልጆቹ ውስጥ ገብተው በባትሪ እያበሩ የሚንጠባጠበውን ይፈልጉ ነበር። ሁለት ቦታ አገኙ፣ ሁለቱም የመስኮቱ ስፌት ላይ። ሸራ ከላይ ወጥረን ደግመን ስንሞክር አንድ ጠብታ አልገባም። ስለዚህ አዲስ አልገዛንም። በብሩ ስፖንጅ ፍራሽ ገዛን።

መስቀል ሱባ፣ ጥምቀት ድንሾ፣ ፋሲካ ላንጋኖ ብለን ወስነናል። ባለቤቴ ቦታ መምረጥ ተከልክሏል።

እናቴ አሁንም ብርድ ይመታቸዋል እንዳለች ነው። ቢሆንም ትናንት ከሣጥኗ የመንዝ ባናዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ያገባች ጊዜ የተሰጣት ነው። «ጭቃ ካስነካሽው አልቀበልሽም» ብላለች።