ፐርል ቤይሊ ወደ ማጀት መመለሷ ድል ነበር ወይስ እጅ መስጠት? (ክርክር)

አስተባባሪዋ

በዚህ ሳምንት የምንከራከረው ስለ አንዲት የምሽት ክበብ ዘፋኝ ነው። ፐርል ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1918 ቨርጂኒያ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ በምትባል ከተማ ከሰባኪ አባት ተወለደች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።) በ15 ዓመቷ ፊላደልፊያ ውስጥ በተደረገ የጀማሪዎች ውድድር አሸነፈች። ከዚያ በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ከተሞች የምሽት ክበቦች እየዘፈነችና እየጨፈረች ኖረች። በ1940ዎቹ የኒውዮርኮቹ ክበቦች ቪሌጅ ቫንጋርድና ብሉ ኤንጅል መድረክ ሰጧት። በ1967 ብሮድዌይ በሚባለው የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁር በሆኑበት የ«ሄሎ ዶሊ» የሙዚቃ ተውኔት ዝግጅት መሪ ተዋናይ ሆነች፤ በማግስቱ ዓመትም ልዩ የቶኒ የቲያትር ሽልማት ተሰጣት። በ1973 ደግሞ ስለ ማእድ ቤቷ መጽሐፍ አወጣች፤ የምግብ አሠራሩ ከሕይወቷ ትዝታ ጋር የተጋመደ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። በአሜሪካ ለጥቁር ሴት ለትውልድ የተመደበላት ቦታ የነጭ ሰው ማእድ ቤት ነበር። ከዚያ ቦታ በድምፅዋ ያመለጠች ሴት በገዛ ፈቃዷ ወደ ምድጃው መመለሷ፣ ያንንም ለአደባባይ ማውጣቷ ተገቢ ነበር? «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይመስለኝም።

መምህሩ

ተገቢ አልነበረም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከሥሩ ላስረዳ።

በ1893 በቺካጎው የዓለም ትርዒት ላይ ናንሲ ግሪን የምትባል፣ በኬንታኪ በባርነት የተወለደች ሴት «አክስት ጀማይማ» የሚል ስም ተሰጥቷት ለጎብኚ ፓንኬክ ስትጋግር ታየች። ፈገግታዋ ዱቄት ሸጠ። ምስሉና ስሙ ከካርቶኑ ላይ ተነሥተው ያለቁት በ2021 ነው። ይህን ዘመን ልብ በሉልኝ፤ ከመቶ ዓመት በላይ አሜሪካዊ ቤተሰብ ቁርሱን ሲበላ ፊት ለፊቱ የነበረችው ጥቁር ሴት የምታበስልለት ሴት ነበረች። በ1940 ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ስታገኝ ያሸለማት የቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ ነው። በዚያው ምሽት እንኳ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ ግድግዳ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ተቀመጠች።

ፐርል ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። መድረክ ላይ ስትወጣ «ደክሞኛል፣ እግሬን አሞኛል» እያለች ከታዳሚው ጋር እንደ ጎረቤት ታወጋ ነበር፤ የምትታወቅበት ስልቷ ይህ ነው። ሰው የወደዳት ስላልከበደችው ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1970 «የፍቅር አምባሳደር» አሏት። የማትቆጣ፣ የምታቅፍና የምታበላ ጥቁር ሴት! ገበያው የሚፈልገው እሷን ነበር፤ የማእድ ቤቱ መጽሐፍም ያንኑ አቀረበለት።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበር። ቨርታሜ ስማርት ግሮቭነር የመድረክ ሰው ነበረች፤ ከሰን ራ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሠርታለች። በ1970 ስለ ምግብ ስትጽፍ ቁጣዋን ከድስቱ አላወጣችም። በ1972 ደግሞ ስለ ቤት ሠራተኞች ኑሮ ሌላ መጽሐፍ አሳተመች። ስለ ማእድ ቤት መጻፍ ግድ ከሆነ እንደዚያ ነው።

ባለ ባልትና

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን ናንሲ ግሪንንና ፐርል ቤይሊን በአንድ ጉልቻ ላይ መጣድዎ አላስደሰተኝም። ናንሲ ግሪን የለበሰችው ሰው የሰጣትን ስም ነው። ፐርል ግን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የራሷን ስም አጽፋለች። ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ማሊንዳ ራስል የምትባል ነጻ ጥቁር ሴት በ1866 ሚሺጋን ውስጥ የምግብ መጽሐፍ አሳትማለች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። አቢ ፊሸር በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሌላ አወጣች፤ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል እሷ እየተናገረች ሌሎች ጻፉላት። በእነዚህ ሁለት ሴቶችና በፐርል መካከል ስንት ሺህ ባለሙያ ሴት ልኳን በልቧ ይዛ እንደ ሞተች አስቡት።

እኔ ባልትና አስተምራለሁ። የእናቴ መለኪያ እፍኝና ዓይን ነበር። ድልህ ስታዘጋጅ ከአጠገቧ እየተቀመጥሁ «ስንት ነው?» ስላት «እስኪበቃው» ትለኝ ነበር። እሷ ስታርፍ ያ «እስኪበቃው» አብሯት ተቀበረ። ሃያ ዓመት ሞከርሁ፤ ቀለሙን አገኘሁት፣ ሽታውን ግን አላገኘሁትም። ስለዚህ አንዲት ሴት፣ ያውም ዓለም የሚያዳምጣት ሴት፣ ቁጭ ብላ የእናቷንና የራሷን እጅ በወረቀት ላይ ስታኖር ለማን ብላ ነው የምትወቀሰው? ቁጣ ስለጎደላት?

የጽሑፍ ተማሪ

እኔን የሚያሳስበኝ የመጻሕፍት መደርደሪያው ቦታ ነው። ኤድና ሉዊስም የቨርጂኒያ ልጅ ናት፤ ነጻ የወጡ ባሮች ከመሠረቷት ፍሪታውን ከምትባል መንደር። ከ1949 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ ካፌ ኒኮልሰን በሚባል ቤት አብስላለች። ታላቅ የሚባለው መጽሐፏ የወጣው በ1976 ነው። የዕድሜ ልክ ሙያዋ ምግብ የሆነላት ሴት ለዚያ መጽሐፍ ሩብ ምእተ ዓመት ያህል ስትጠብቅ፣ ዘፋኟ በስሟ ብርታት በቀላሉ ገባች። ዛሬም በየአገሩ የታወቀ ፊት ያለው ሰው መጥበሻ ሲይዝ አሳታሚው ይሮጣል፤ ዕድሜውን በእሳት ዳር የጨረሰ ወጥ ቤት ግን ደጅ ይጠናል።

በአንድ ነገር ግን ለፐርል እመሰክራለሁ። በ1973 ለብዕር እንግዳ አልነበረችም። የሕይወት ታሪኳን በ1968 አሳትማ ነበር። ጽሑፏ የመድረክ ትንፋሽ አለው፤ አንባቢን ፊቱን አይታ ታዋራዋለች። ይህን ትምህርት ቤት አይሰጥም።

የዩ ስትሪቱ

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመቴ ነው። ዩ ስትሪትን በቀን ስንት ጊዜ እንደማልፍበት አልቆጥረውም። ያን ሰፈር «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ብላ የሰየመችው ፐርል ቤይሊ ናት ይባላል። ሃዋርድ ቲያትር የተከፈተው በ1910 ሲሆን ዛሬም አለ። በ1968 ዶክተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ሰፈሩ ተቃጠለ፤ ለረጅም ጊዜም ባዶውን ቀረ። በኋላ የእኛ ሰዎች መጡና ዘጠነኛውን መንገድ በምግብ ቤት ሞሉት። አሁን ረፋድ ላይ በመስኮት የሚገባው የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ አይደለም። የምሽት ክበብ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ሰው እራቱን እየበላ ዘፈን የሚሰማበት ቤት ነው። ዘፋኟ የምትዘፍነው ለሚያኝክ ሰው ነው። ሹካ ሲቆም የሚሰማት፣ ሳሕን ሲንኳኳ ድምፅዋን የምታነሣ እሷ ናት። አዝማሪያችንስ ከጠጁና ከጥብሱ ተለይቶ ያውቃል? ስለዚህ «ወደ ማጀት ተመለሰች» የሚለው ቃል ራሱ አልጣመኝም። ከምግብ መቼ ርቃ ነው የምትመለሰው?

ከዓረብ አገር የተመለሰች

እስካሁን ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

ሰባት ዓመት በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ለአሥራ አንድ ሰው አበስላለሁ። ቋንቋቸውን ሳልችል ምግባቸውን ቻልሁት። አንድ ምሽት እንግዳ መጣ፤ ሩዙን ቀምሶ ማን እንደ ሠራው ጠየቀ። እመቤቲቱ «እኔ ነኝ» አለች። እኔ ከበሩ ጀርባ የሚቀጥለውን ሳሕን ይዤ ቆሜያለሁ። ደመወዜ ሦስት ወር ዘግይቶብኝ ያውቃል፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ያን «እኔ ነኝ» ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

መምህር፣ «ማጀት» ሲሉ የትኛውን ማጀት ነው? አሁን አዳማ ውስጥ በራሴ ጠባብ ቤት ምሳ እሸጣለሁ። እሳቱ ያው እሳት ነው፣ ጭሱም ያው፣ ወገቤም እንደ ድሮው ያመኛል። ሰው ግን ሽሮዬን የሚያዘው በስሜ ነው። ፐርል ቤይሊ በምግቧ ላይ ስሟን ስትጽፍ ያቺ ከበሩ ጀርባ የቆመች ሴት ወደ ሳሎን ገባች ብዬ ነው የማምነው። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ።

መምህሩ

እኅቴ፣ አልተሳሳትሽም። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ የናንሲ ግሪንን ታሪክ ስጽፍ ከመጽሐፍ ነው፤ አንቺ ከጉልበትሽ ነው የጻፍሽው።

ሆኖም ክርክሬን አጠብበዋለሁ እንጂ አልተወውም። ስም መጻፍ ትልቅ ነገር መሆኑን ተቀብያለሁ። ያልተቀበልሁት መጽሐፉ የተቀመጠበትን ገበታ ነው። በ1967ቱ «ሄሎ ዶሊ» ጥቁር ተዋንያንን ለብቻ ማሰለፍ ሌላ ዓይነት መለያየት ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ፐርል ግን ከአምባሳደርነቱ ማዕረግ ጋር ወደ ኋይት ሀውስ ትገባ ትወጣ ነበር። አገሪቱ በቬትናም ጦርነትና በዘር ጉዳይ ስትታመስ በፍቅር ብቻ የሚናገር ድምፅ ለሥልጣን ምቹ ነው። ከዚያ ድምፅ የወጣ የማእድ ቤት መጽሐፍ የምቾቱ አካል ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ባለ ባልትና

እንግዲያው ስለ ማእድ ቤቱ አንድ ያልተነሣ ነገር ልንገርዎ።

ፐርል በ1952 ሉዊ ቤልሰንን አገባች፤ ነጭ ነው፣ ስመ ጥር የድራም ተጫዋች። ጋብቻቸውን የፈጸሙት ለንደን ነው። እሷ በተወለደችበት በቨርጂኒያ ያ ጋብቻ ወንጀል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን ዓይነቱን ሕግ የሻረው በ1967 ነው፤ «ሄሎ ዶሊ» ከመጀመሯ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ። ስለዚህ ለ15 ዓመት ከባሏ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጧ በትውልድ አገሯ የሚያስከስስ ነበር ማለት ነው።

አሁን ያንን የምግብ መጽሐፍ እንደገና ያስቡት። ባሏን፣ ልጆቿንና እንግዶቿን የምታበላበት ቤት ነው። «ቤቴ ይኸውላችሁ፣ ግቡና እዩ» አለች። ቨርታሜ በቁጣ ጻፈች፣ እኔም እወድላታለሁ። ፐርል ግን ሕግ የከለከለውን ገበታ ዘርግታ አሳየች። የሚቆጣ ሰው ያስፈልጋል፤ ገበታ የሚዘረጋም ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ ደግሞ የሚሆንለትን ይሠራል። እኔ ከሁለቱ አንዷን ጣዪ ብባል አልጥልም።

የዩ ስትሪቱ

እኔም አንድ ልጨምር። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በር ተማሪ ሳወርድ ሁልጊዜ ትዝ ትለኛለች። ዩኒቨርሲቲው በፊት የክብር ዲግሪ ሰጥቷት ነበር። እሷ ግን በዚያ አልረካችም፤ ተመዝግባ፣ ከልጅ ልጆቿ ዕድሜ ካላቸው ልጆች ጋር ክፍል ገብታ፣ በ1985 በ67 ዓመቷ በነገረ መለኮት ተመረቀች። በ1973ቱ መጽሐፍ ማእድ ቤቷን እንደ ቤተ መቅደስ አድርጋ ትናገር የለ? የሰባኪ ልጅ ናት፤ ያን ቃል ለማሳመር ብቻ አታመጣውም። በምድጃዋና በመማሪያ ክፍሏ የፈለገችው አንድ ነገር ይመስለኛል።

የጽሑፍ ተማሪ

የክብር ዲግሪ ይዞ ፈተና ለመቀመጥ መሄድ! የኤድና ሉዊስን ነገር አሁንም አልተውሁም፤ የመደርደሪያው ጥያቄ እንዳለ ነው። ፐርል ግን በስሟ ብቻ የምትኖር ሰው አለመሆኗን ይህ ያሳያል።

መምህሩ

የ1967ቱን ፍርድ ከማእድ ቤቱ ጋር አያይዤ አይቼው አላውቅም። ይህን እቀበላለሁ፤ መጽሐፉንም በዚህ ዓይን እንደገና አነበዋለሁ። የኒክሰኑን ነገር ግን አልቀበልም።

ባለ ባልትና

የኒክሰኑን እኔም አልከላከልላትም፣ መምህር።