ወደማናውቀው አካባቢ ልንዛወር ነው፤ ቤት አሁኑኑ እንግዛ ወይስ ተከራይተን እንቆይ?

አዲስ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴን መሥሪያ ቤቱ ስላዛወረው ከሦስት ወር በኋላ አሁን ከምንኖርበት ከተማ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቅ አካባቢ ልንሄድ ነው። በዚያ ዘመድም ሆነ የቅርብ ወዳጅ የለንም። አብረውን የሚሄዱት የስምንትና የአራት ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ ናቸው። እኔ ሥራዬን በኢንተርኔት ስለምሠራ የትም ብሆን መቀጠል እችላለሁ። የነበረንን ቤት ሸጠናል፤ የጎደለውን በባንክ ብድር ሞልተን እዚያው ቤት ለመግዛት አስበናል።

ባለፈው ወር ለሁለት ቀን ሄደን፣ ከደላላ ጋር ስምንት ቤት ካየን በኋላ ሦስቱን ለይተናል። አንደኛው መሃል ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ አሳንሰር አለው፣ ከባለቤቴ መሥሪያ ቤትም በእግር ይደረሳል። ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ገና በመገንባት ላይ ባለ ሰፈር የሚገኝ፣ አራት መኝታና ሰፊ ግቢ ያለው አዲስ ቤት ሲሆን ደላላው ከመሃል ከተማ 25 ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድ ነግሮናል። ሦስተኛው ወንዝ ዳር ያለ፣ ዕድሜ የጠገበ ነገር ግን በቅርቡ የታደሰ ቤት ነው። ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ደላላው ግን ሌላ ገዢ እንዳለና በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወሰንን ቤቱ እንደሚያመልጠን ደጋግሞ ያሳስበናል።

ሳንዛወር በፊት መግዛቱ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ከሦስቱስ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ሳናይ ያለፍነው ነገር ካለም ብትጠቁሙን ትልቅ ውለታ ነው።

መሐንዲሱ

ጤና ይስጥልኝ። በሙያዬ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፤ ቤት ሊገዙ የተዘጋጁ ሰዎች ሲጠሩኝም እየሄድኩ እመረምራለሁ። በዋናነት ስለ ወንዝ ዳሩ ቤት ልናገርና የቀረውን ለሌሎች ልተው።

በመጀመሪያ ቤቱን ያዩት በየትኛው ወቅት ነው? በበጋ ከሆነ ያዩት ወንዙን ሳይሆን የወንዙን እንቅልፍ ነው። ባለሙያዎች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚሉት አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ እንዲህ ያለው ጎርፍ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ አምና ከመጣም በእሱ ዕድሜ የማይመለስ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን በእያንዳንዱ ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 1 ነው ማለት ነው። ብድርዎ በ30 ዓመት የሚከፈል ቢሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 26 ይሆናል። እኔ ከአራት አንድ በሆነ ዕድል ላይ ልጆቼን አላስተኛም።

ዕድሳት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምን ሊሸፍን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። የውጭውን ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ቀለም ከበላዩ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ የታችኛው ብቻ አዲስ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። ቁም ሣጥን ካለ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ከጀርባው ያለውን ልስን በእጅዎ ይዳስሱ። በጣትዎ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ጨው ከቀረ፣ እርጥበት በግድግዳው ውስጥ እያለፈ ጨዉን ወደ ገጹ እያወጣ ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ብለው እንደተተከሉም ልብ ይበሉ፤ ውኃ የገባበት ቤት ባለቤት መጀመሪያ ከሚያስተካክላቸው ነገሮች አንዱ ሶኬት ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡና የጎረቤቶቹን ደጃፍ ይመልከቱ። የመንገዱ ቤቶች ሁሉ መግቢያቸውን በሁለትና በሦስት ደረጃ ከፍ አድርገው ከሠሩ፣ ይህን ያደረጉት ለጌጥ ላይሆን ይችላል።

ስለ አዲሱ ሰፈር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መሬቱ መረሬ ከሆነ፣ ይህ አፈር ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚኮማተር መሠረቱ ለዚያ ታስቦ ካልተሠራ ቤቱ ከወቅቱ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። በልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሳስብም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካዩ ግን ሳያስመረምሩ አይፈርሙ። ቤቱ አዲስ ስለሆነ ስንጥቅ ገና ላይኖረው ስለሚችል፣ በዚያው ሰፈር አራትና አምስት ዓመት የሞላቸውን ቤቶች ማየት ይሻላል።

አትዘግዪ

እህቴ ሆይ፣ እኔ ደግሞ ከብዙዎች የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለአንድ ዓመት የሚከፈል ኪራይ ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ነው፤ የቤታችሁ ሽያጭ ገንዘብ በባንክ ተቀምጦ ሳለ የቤት ዋጋ ቢጨምር ደግሞ ዛሬ የምትገዙትን ቤት ከርሞ ላትገዙት ትችላላችሁ። ዕቃ ሁለት ጊዜ መጫን፣ ልጅን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ማለማመድ ቀላል አይደለም። ከሦስቱ አፓርታማውን ግዙ። ባይስማማችሁ ታከራዩታላችሁ፤ መሃል ከተማ ያለ ቤት ተከራይም ሆነ ገዢ አያጣም። የወንዝ ዳሩን ቤት በተመለከተ ከመሐንዲሱ ጋር እስማማለሁ።

አራት ጊዜ የተዛወርኩ

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ስለ ዋጋ መጨመር ያነሡት ሐሳብ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ሒሳቡን ግማሽ ላይ ያቆሙት ይመስለኛል። ቤት ሲገዛ ግብር፣ የስም ማዛወሪያ፣ የባንክ ግምትና የደላላ ክፍያ አለ፤ ሳይስማማ ቀርቶ ሲሸጥ ደግሞ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይደገማሉ። የመግዣውና የመሸጫው ወጪ ተደምሮ ለምሳሌ የቤቱን ዋጋ ከመቶ 8 ቢሆን፣ ዋጋው በየዓመቱ ከመቶ 4 ቢያድግ እንኳ የብድሩ ወለድ ሳይቆጠር ወጪውን ለመመለስ ብቻ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። አንድ ሰፈር የማይስማማ መሆኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከሁለት ዓመት በጣም ቀድሞ ነው።

እኔ ያወቅኩት በአንድ ቀን ነው። ለሦስተኛ ጊዜ በተዛወርኩበት ከተማ ቤት ያየሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የወፍ ድምፅ ይሰማል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ደላላው ጸጥታውን እያመሰገነ፣ እኔም እየተስማማሁ ተፈራረምን። የገባን ቅዳሜ ማታ ነው። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአጥሩ ጀርባ የብረት መቁረጫ ተነሣ፤ በመኝታ ቤቴ መስኮት መስተዋት ላይ እጄን ሳስቀምጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። የብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ለዓመታት እዚያው የኖረ ነው፤ እሑድ ስለሚዘጋ ብቻ አላየሁትም። ማንንም ልወቅስ አልቻልኩም። ያንን ቤት ለመሸጥ 14 ወር ፈጀብኝ፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ሳልከራይ ገዝቼ አላውቅም።

አሁን ወደ 25 ደቂቃው ልምጣ። ደላላው በየትኛው ቀንና ሰዓት የለካው ነው? ባለቤትዎ ሥራ በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት በሥራ ቀን ራሳቸው ነድተው ይለኩት። ጉዞው 45 ደቂቃ ሆኖ ቢገኝ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሆን 360 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ሌሊቱ ሳይቀር ሲቆጠር 15 ሙሉ ቀን መንገድ ላይ መዋል ነው። ብሩኖ ፍሬይ እና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ የስዊዘርላንድ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ከጀርመን ቤተሰቦች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ረጅም መንገድ የሚመላለሰው በሰፊ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለሚካስ ነው የሚለው ግምት ከመረጃው ጋር እንደማይገጥም አሳይተዋል፤ ረጅም መንገድ የሚመላለሱት ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። አራተኛው መኝታ ቤት ከጥቂት ወር በኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል፣ መንገዱ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይኬዳል።

በእርስዎ ቤት ደግሞ የሚመላለሱት ባለቤትዎ ብቻ አይደሉም። እሳቸው መኪናውን ይዘው ከወጡ በኋላ ልጁ ከትምህርት ቤት ቢደወልለት ወይም አማትዎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቢኖርባቸው በምን ይሄዳሉ? ገና በሚገነባ ሰፈር የሚሰማው ተስፋ «መንገዱ ሊሠራ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ነው፣ መስመሩ ሊዘረጋ ነው» የሚል ነው። እርስዎ በኢንተርኔት የሚሠሩ ከሆነ በተስፋ ሊሠሩ አይችሉም። ስልክዎን ይዘው ምሽት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ቤቱ ውስጥ ቆመው የግንኙነቱን ፍጥነት ይለኩ።

አፓርታማውንም ቢሆን በችኮላ አልመርጠውም። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅስ ጀነሬተር አለ? ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው አሳንሰር የማይሠራበት አራተኛ ፎቅ መውጫም መግቢያም የሌለው ቤት ነው። ለሦስት አዋቂና ለሁለት ልጅ ሁለት መኝታ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የእርስዎ ቢሮ ሆኖ፣ እንዴት እንደሚበቃችሁም ቁጭ ብላችሁ አስቡበት።

ሰነድ ተመልካች

የተባለውን አልደግምም። የትኛውንም ቤት ብትመርጡ የባለቤትነት ማረጋገጫውን ቅጂ ከደላላው እጅ ተቀብላችሁ አትመኑ፤ መዝገቡ ከሚገኝበት መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ወይም የወከላችሁት ጠበቃ ቀርባችሁ አረጋግጡ። ሻጩ ብቸኛ ባለቤት መሆኑን፣ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማትን፣ በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን፣ በሰነዱ ላይ ያለው የቦታ ስፋትም መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠሙን እዩ። ለወንዝ ዳር ቦታ ደግሞ ከወንዙ ምን ያህል ርቆ መገንባት እንደሚፈቀድ ከከተማው ፕላን ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ አትክፈሉ። ስለ ሁለተኛው ገዢ ደግሞ፣ በሥራዬ ካገኘኋቸው ደላሎች መካከል ሁለተኛ ገዢ የሌለውን እስካሁን አላየሁም።

አዲስ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሐንዲሱ ስለ ሶኬት የጻፉትን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች መልሼ አየሁ። በወንዝ ዳሩ ቤት ሳሎን ውስጥ ያሉት ሶኬቶች በሙሉ በደረቴ ትክክል ናቸው። ያኔ ልጆች እንዳይነኳቸው ታስቦ የተደረገ መስሎኝ የሠራውን ሰው በልቤ አመስግኜው ነበር። ትናንት ወደ ደላላው ደውዬ ስጠይቀው «የድሮ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚወዱት» ብሎኛል። ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ ይሆናል?

መሐንዲሱ

አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የጠረጠሩትም ነገር ልክ ሊሆን ይችላል። በሽያጩ ምንም ጥቅም የሌላቸውን ሦስት ጎረቤቶች ይጠይቁ፤ በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖሩ ቢሆኑ ይመረጣል። አጠያየቅዎ ግን ልዩነት ያመጣል። «እዚህ ጎርፍ ይመጣል?» ብለው ቢጠይቁ ሰው የሰፈሩን ስም ወይም የጎረቤቱን ገበያ ላለማበላሸት «ኧረ የለም» ሊልዎ ይችላል። «ባለፈው ጊዜ ውኃው የት ድረስ ደርሶ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ያልመጣ ከሆነ «የምን ውኃ?» ይልዎታል፤ የመጣ ከሆነ በእጁ ያሳይዎታል።

አዲስ ነዋሪ (ጠያቂ)

ባለቤቴ ለሥራ ርክክብ በዚህ ሳምንት ስለሄደ ልክ እንደተባለው አድርጎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ሰው ለሰፈሩ አዲስ ነኝ ብለው አለፉት። ከቤቱ ፊት ለፊት የሚኖሩ እናት ግን ጥያቄውን ሰምተው እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ራሳቸው የብረት በር ሄደው ከታች ሁለተኛውን ማጠፊያ በጣታቸው ነኩ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ይሆናል ብሎኛል። ሦስተኛ ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ያንን ቤት ትተነዋል፤ ደላላውም ተቀይሞናል። ለጊዜው ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ በሚርቅ ቦታ ምድር ቤት ላይ ያለ ቤት ለስድስት ወር ልንከራይ ተስማምተናል፤ የኪራዩ ዘመን የዝናቡን ወራት ስለሚያካትት አካባቢውን በሁለቱም መልኩ እናየዋለን። ወደ አዲሱ ሰፈር የሚወስደውን መንገድም ባለቤቴ ማክሰኞ ጠዋት ለክቶት 52 ደቂቃ ፈጅቶበታል። የቀረው አፓርታማው ነው። የሕንፃው ጥበቃ ጀነሬተር መኖሩን አረጋግጦለት፣ ነገር ግን የውኃ መግፊያውንና የደረጃውን መብራት እንጂ አሳንሰሩን እንደማያንቀሳቅስ ነግሮታል። አማቴ ይህን ሲሰሙ «እስቲ ውሰዱኝና ደረጃውን ራሴ ልሞክረው» ስላሉ፣ ስንደርስ መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ይሆናል።