ለአባቴ ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ላስመጣ ነው፤ ለአማርኛ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂዋ፣ ከፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ማንበብ ነፍሱ ነው፤ አሁን ግን የመጽሐፍ ፊደል እየደቀቀበት ተቸግሯል። በስልክ ሲያነብ ደግሞ ዓይኑ ያለቅሳል። አክስቴ በቅርቡ ከውጭ ስለምትመጣ "ምን ላምጣ?" ብላኛለች። የጓደኛዬን አሮጌ ኪንድል (የአማዞንን ኢ-ሪደር) ሞክረን ነበር። እንግሊዝኛው ያምራል፣ አማርኛው ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆነ። ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ማታ አልጋ ላይ ነው የሚያነበው። ስንት ኢንች ይሁን? ባለቀለሙ ይሻላል? ፎንቱንስ (የፊደሉን ቅርጽ) ምን ላድርገው?

መልስ፣ ከስድስት ኪሎ፦
እህቴ፣ ሳጥኑ አያስደንግጥሽ። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስላላገኘ ነው። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጊ። ከዚያ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኚውና "ፎንትስ" የሚለው ፎልደር ውስጥ የፎንቱን ፋይል ኮፒ አድርጊ። ኮቦ የሚባለው ሌላ ኢ-ሪደር ከሆነ ፎልደሩን ራስሽ ትፈጥሪዋለሽ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልም የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ ይወርዳሉ።

መልስ፣ የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ፣ አራት ኪሎ፦
ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብዛ። ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ ፊደል አይበቃም። "ሱ"ን ከ"ሲ" የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ አንዱ ላይ ወገቡ ጋ፣ ሌላው ላይ እግሩ ጋ። ፊደሉ ሲደቅ ጭረቷ ትጠፋለች፣ አንባቢውም በግምት መሄድ ይጀምራል። ዓይን የሚያደክመው ይሄ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ይኑረው። የድሮዎቹ ርካሽ ኪንድሎች 167 ነበሩ፤ ያገለገለ በቅናሽ ቢገኝም በዚህ አትደራደሪ።

ቀጥሎ ውፍረት። የኢ-ኢንክ (የኢ-ሪደሮቹ ስክሪን) ጥቁር እንደ ማተሚያ ቤት ቀለም አይጠቁርም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ቀጭን ፎንት እዚያ ላይ ይሳሳል። አቢሲኒካን እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ የብራና ጽሑፍ ለዛ አለው። ለአባትሽ ግን ኖቶ ሰሪፍን፣ ያውም "ሚዲየም" የሚባለውን ወፈር ያለውን ጫኚላቸው።

የመስመር ክፍተቱንም ሰፋ አድርጊ። አንድ ነገር አደራ፦ ግራና ቀኙን እኩል የሚያደርገውን አሰላለፍ አጥፊው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ቃሉን ከፍሎ ወደ ታች አያወርደውም። ፊደሉ ሲተልቅ አንድ መስመር ላይ ሦስት ቃል ይቀርና መሃሉ ገደል ይሆናል። በግራ በኩል ብቻ ይሰለፍ።

መልስ፣ ከለገሃር፦
እኔ ባለቀለሙን ገዝቼ ቆጭቶኛል። የቀለም ማጣሪያው ስክሪኑን ያጨልመዋል፣ ባለቀለም ሥዕሉም በኢንች 150 ፒክስል ብቻ ነው። ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ጥቁርና ነጭ ይበቃል። 7 ኢንች፣ በጎን በኩል ገጽ መገልበጫ ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ኮቦ ሊብራ 2 ወይም ፖኬትቡክ ኤራ። ስክሪን መንካት ለትልልቅ ሰዎች ያስቸግራል፣ ሳያስቡት ገጽ ይዘላል። ሁለቱም ማታ ብርሃናቸው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ለበረንዳው አታስቢ፣ ኢ-ኢንክ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዲያውም ይጠራል። ባትሪውም ሳምንታት ስለሚቆይ መብራት ቢጠፋ ግድ የለም።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ግን ያሉን መጻሕፍት አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፍ ናቸው። ፎንቱ ይሠራላቸዋል?

መልስ፣ ከስድስት ኪሎ፦
አይሠራም። ስካን ፎቶ ነው፣ ፊደሉ አይቀየርም። ማሽኑን አግድም አዙረው ግማሽ ግማሽ ገጽ ያንብቡ። ኬ ኦ ሪደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮቦ ላይ ከጫንሽ ባዶውን ኅዳግ ይቆርጥላቸዋል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ (የዛሬ መሣሪያዎች ወደሚያውቁት የፊደል ኮድ) ይለወጥ፤ አለዚያ ዝብርቅርቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚወጣው።

መልስ፣ ገጽ አቀናባሪው፦
አክስትሽ ከመግዛቷ በፊት አንድ ገጽ አማርኛ በ12፣ በ14፣ በ16 እና በ18 ነጥብ የፊደል መጠን ፕሪንት አድርጊ። በለመዱት መነጽር፣ በለመዱት ወንበር ያንብቡት።

ጠያቂዋ፣ በማግስቱ፦
አደረግኩት። 12ቱን አይቶ ወዲያው መለሰልኝ። 14ቱን ግማሽ ድረስ ሄደ። 16ቱን ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አነበበው፤ "ሌላ ገጽ የለም?" አለኝ። ለአክስቴ 7 ኢንች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቁልፍ ያለው ብዬ ጽፌላታለሁ።