አስቸኳይ፦ የድሮ የእንጨት ካሜራ ቆዳው ተቀደደ፤ ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል

የሽምብጥ ልጅ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከአያቴ የወረስሁት የእንጨት ካሜራ በክረምቱ እርጥበት አብጦ ስለነበር፣ ዛሬ ሲዘረጋ ወናፍ የሚመስለው ቆዳ ማዕዘኑ ላይ ተቀደደ። ገዢው ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ይገባል። በምን ልጠግነው? ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነስ ስንት ልበል?

አናጺው፦
ኮላ በስሱ ቀብተው በልብስ መቆንጠጫ ይዘው ያሳድሩት።

ፎቶ ወዳድ፦
እባክዎ ኮላ አያስነኩት። ኮላ ሲደርቅ ይደድራል፤ ወናፉ ደግሞ ዘወትር የሚታጠፍ ስለሆነ ከኮላው ጠርዝ እንደገና ይቀደዳል። ትክክለኛው ጥገና በስሱ የተፋቀ ቆዳ ከውስጥ በኩል በሚለመጥ ሙጫ መለጠፍ ነው፤ ይህም የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም።

ቀበሌ 14፦
በዕድሜው ዋጋ ማውጣትዎን አልቀበለውም። ቀድሞ ፎቶ አንሺው ምስሉ የሚቀረጽበትን መስታወት እዚያው ኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ማንሳት ነበረበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 እ.ኤ.አ. የደረቀውን የጄላቲን ፕሌት (አስቀድሞ ተቀብቶ የደረቀ መስታወት) መንገድ ካሳወቀ በኋላ ግን ፕሌት ተዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ፤ እንደ በርሚንግሃሙ ላንካስተርና እንደ ቶርንተን ፒካርድ ያሉ ሠሪዎችም ታጣፊ የማሆጋኒ እንጨት ካሜራዎችን በብዛት አወጡ። ስለዚህ አሮጌ ሆኖም ብርቅ ያልሆነ ብዙ አለ። የሠሪው ስም ያለበት ምልክት አለ? ምስሉ የሚታይበት የኋላው ሻካራ መስታወት ስንት በስንት ነው? ሌንሱስ የማን ነው?

አናጺው፦
እንግዲያው ኮላው ውኃ ቢቀላቀልበትም ሲደርቅ መደደሩ አይቀርም።

የሽምብጥ ልጅ፦
መስታወቱ 16 ተኩል በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምልክት አላየሁም። በሌንሱ ናስ ላይ «ሮስ፣ ለንደን» የሚል ተቀርጿል። ናሱ ስለጠቆረ ልወለውለው ነው።

ፎቶ ወዳድ፦
እንዳይወለውሉት! የጠቆረው የመጀመሪያው ቫርኒሽ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እርሱን ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ልኩ ሃፍ ፕሌት የሚባለው ሲሆን ከሁሉ የተለመደው ነው። ሮስ ግን የተከበረ ሌንስ ሠሪ ስለሆነ፣ ሌንሱ ብቻውን ከሣጥኑ የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። በባትሪ ብርሃን የሌንሱን ውስጥ ይመልከቱ፤ በጣና ዳር እርጥበት የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ይዞት ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። እንጨቱን ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ይሰነጠቃል፤ ነፋስ ባለበት ጥላ ይበቃዋል። ቀዳዳውን እንዳለ ያሳዩ፤ ገዢው ሰብሳቢ ከሆነ በችኮላ ከተጠገነ ይልቅ ንጹሕ ቅዳጅ ይመርጣል።

ቀበሌ 14፦
በዚህ እስማማለሁ። የሌንሱን ዋጋ ለይተው ሳያጣሩ ግን ነገ ቁርጥ ዋጋ አይጥሩ። የፕሌት መያዣዎቹስ አሉ? ከካሜራው ጋር በልክ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከጠፉ ሌላ ማግኘት ከባድ ነው።